ክልላዊ የብስክሌት መስመር ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ስሠራ ሰባት ቦታ ተቆረጠብኝ፤ ምን አጠፋሁ?

ኮረኮንቹ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኦፕን ስትሪት ማፕ (ማንም ሰው የሚያርመው ነፃ ካርታ) ላይ ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ግን እስካሁን ሥራዬ ቤት መሳል፣ የሱቅ ስም ማስገባትና የተረሳ የእግር መንገድ መጨመር ነበር። በቅርቡ ግን ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ክልላዊ የብስክሌት መስመር አለ። ታፔላው መንገድ ዳር ቆሟል፣ ቁጥር አለው፣ ስም አለው፣ ካርታው ላይ ግን የለም። ሁለት ቀን ሙሉ በሳይክል ሄድኩበት። ጂፒኤሱን ከፍቼ፣ ታፔላ ባየሁ ቁጥር ወርጄ ፎቶ እያነሳሁ።

ቤት ገብቼ መስመሩ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ እየነካሁ፣ ስም የሚለው ቦታ ላይ የመስመሩን ስም ጻፍኩ። የራሱ ስም ያለው መንገድ ሲገጥመኝ ስሙን አጥፍቼ የመስመሩን ተካሁ። (አሁን ሳስበው ያሳፍራል።) በማግስቱ አንድ ሰው ሁሉንም ወደነበረበት መለሰው። ጨዋ ነው፣ አልተቆጣም። "መስመር የሚሠራው በሪሌሽን ነው" (ብዙ መንገዶችን አንድ ላይ የሚያስተሳስር ዝርዝር ማለት ነው) ብሎ የሚነበብ ገጽ ላከልኝ። አነበብኩት፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ ራሴን አዞረው።

እንደምንም ሪሌሽን ሠራሁ። አሁን የብስክሌት መስመሮችን የሚያሳየው ካርታ ላይ ሳየው ሰባት ቦታ ተቆርጧል። የከፍታ ግራፉ ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ ሳይጨርስ መልሶ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይታያል። እኔ እንደዚያ አልሄድኩም!

ሌላም ግራ የገባኝ አለ። ደረጃው አርሲኤን (ክልላዊ) ነው ወይስ ኤልሲኤን (የአካባቢ)? አንዳንዱ መንገድ ላይ ቀድሞ ሌላ ሰው "አርሲኤን=የስ" የሚል ታግ (መግለጫ ጽሑፍ) ለጥፏል፣ ላጥፋው? መሀል ላይ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ታፔላ የሌለበት ቦታ አለ፣ መስመሩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ባሳተመው ብሮሸር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ተስሏል። ከዚያ ልገልብጠው ወይስ ክፍት ልተወው?

---

ሰንሰለት

አይዞህ ኮረኮንቹ፣ የመንገድ ስም ያጠፋኸው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። እኔም ጀማሪ ሆኜ አድርጌዋለሁ፣ ያውም የሁለት መስመር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሌላ፣ መስመሩ ሌላ። አስፋልቱ የራሱ ስም፣ የራሱ ስፋት፣ የራሱ ጉድጓድ አለው። መስመሩ በላዩ የሚያልፍ ጉዞ ነው። ነገ መሥሪያ ቤቱ መስመሩን በሌላ በኩል ቢያዞረው አስፋልቱ ንቅንቅ አይልም። መቁጠሪያ አስብ፤ መንገዶቹ ዶቃዎቹ ናቸው፣ ሪሌሽኑ ክሩ። ዶቃው ላይ የክሩን ስም አትጽፍም። አንድ ዶቃ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሦስት ክር ላይ ሊሆን ይችላል፣ ማለትም አንዱ መንገድ ሦስት መስመር ሊያልፍበት ይችላል (ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይበጠሳል፣ ግን ገብቶሃል)።

ስለዚህ መረጃው ሁሉ ሪሌሽኑ ላይ ይግባ። ታይፕ ሩት፣ ሩት ባይስክል፣ ኔትወርክ አርሲኤን። ሬፍ የሚለው ላይ ታፔላው ላይ ያየኸው ቁጥር፣ ኔም ላይ ስሙ ብቻ። ኔም ውስጥ "ከእንትን እስከ እንትን የሚሄድ ውብ መስመር" ብሎ ድርሰት የሚጽፍ ሰው አለ፣ እባክህ አንተ እንደዚያ አትሁን። መነሻና መድረሻ ፍሮም እና ቱ የሚባል የራሳቸው ቦታ አላቸው። አስተዳዳሪው ኦፕሬተር ላይ ይግባ። ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም መስመር ከሆነ ራውንድትሪፕ የስ በል።

ደረጃውን በተመለከተ አራት አለ። አይሲኤን ዓለም አቀፍ፣ ኤንሲኤን ብሔራዊ፣ አርሲኤን ክልላዊ፣ ኤልሲኤን የአካባቢ። ሰው የሚሳሳተው በኪሎ ሜትር ሲለካው ነው። 80 ኪሎ ሜትር ሆኖ ኤልሲኤን የሆነ አለ፣ 30 ሆኖ አርሲኤን የሆነም አለ። ጥያቄው መስመሩ በየትኛው መረብ ውስጥ ታቅፏል ነው። የየአገሩ ካርታ ሠሪዎች ይሄ አርሲኤን ይባል፣ ያ ኤልሲኤን ይባል ብለው ዊኪው (የካርታው መመሪያ ገጾች) ላይ የተስማሙበት ነገር ካለ ደግሞ እሱን ተከተል፣ አትከራከር። አንተ የገለጽከው ለእኔ አርሲኤን ይመስላል።

"አርሲኤን=የስ" የሚለው የድሮ ሰው ሥራ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ሪሌሽን የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጣው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት መስመር ማሳየት የፈለገ ሰው መንገዱ ላይ ከመለጠፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አንዳንዱ አሁንም ከልማድ ይለጥፋል። መጀመሪያ ሪሌሽንህን ጨርስ፣ መንገዱ በትክክል ውስጡ መግባቱን አረጋግጥ፣ ከዚያ ታጉን አንሳው። ቀድመህ ካነሳኸውና ሪሌሽኑ ከተበላሸ ሁለቱንም አጣህ ማለት ነው።

---

ታፔላ ቆጣሪ

ሰንሰለት ያለችው ልክ ነው፣ እኔ ስለዚያ 6 ኪሎ ሜትር ልናገር።

ከብሮሸሩ አትገልብጥ። ነፃ ቢታደልም ካርታው የሆነ ሰው ንብረት ነው፤ በነፃ መስጠትና ለመገልበጥ መፍቀድ ይለያያል። የእኛ ዳታ የሚወጣው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በኦዲቢኤል ፈቃድ ነው፤ ሌላ ሰው ወስዶ ሊነግድበት ሁሉ ይችላል። አንተ ደግሞ የሌላን ሰው ሥራ እንደዚያ ብለህ የማደል መብት የለህም። "ስሜን ጠቅሳችሁ ተጠቀሙ" የሚለው የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ እንኳ ብቻውን አይበቃም፣ ከባለቤቱ ተጨማሪ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅበታል። መሥሪያ ቤቱን በኢሜይል ጠይቃቸው። "መስመራችሁን ካርታ ላይ ማስገባት እፈልጋለሁ፣ የጂፒኤስ ፋይላችሁን ልጠቀም?" በል። ደስ ብሏቸው የሚልኩ አሉ። መልስ ካልመጣ አልተፈቀደም ማለት ነው።

ታፔላ ላይ ያነበብከው ግን የአንተ ነው። ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ቀስቱ የጠቆመበትን መዝግብ። ታፔላ በሌለበት መስመር መሳል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። "ታፔላ የለም" ስትል ምን ማለትህ ነው? 6ቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ መገንጠያ አለ ወይስ የለም? መገንጠያ ከሌለ ታፔላም አያስፈልግም። መግቢያው ላይ ቀስት ወደ ውስጥ ካመለከተህና መውጫው ላይ ሌላ ቀስት ከተቀበለህ፣ መሀሉ ምልክት ያለው መስመር ነው፤ ዝም ብለህ አስገባው። መገንጠያ ካለ ነው ችግሩ።

ሌላ። መስመሩን የሄድከው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው? እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ ምልክት ፈልጌ አጣሁ። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ የመብራት ምሰሶው ጀርባ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ስቲከር ተለጥፋ አገኘኋት። ከወዲያ ለሚመጣ ሰው ትታያለች፣ ከወዲህ ለሚመጣ ፈጽሞ አትታይም። የለጠፈው ሰውዬ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሄደ ሲለጥፍ ውሎ ማታ ደክሞት ቤቱ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ታፔላ የለም ከማለትህ በፊት ተመልሰህ በግልባጩ ሂድ። ካልቻልክ ማፒላሪ ወይም ፓኖራማክስ ላይ የዚያ መንገድ ፎቶ ካለ እይ፣ ከእነሱ አይቶ መመዝገብ ይፈቀዳል።

---

ፍሬን የለሽ

እኔ በዚህ የታፔላ ነገር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ታፔላ ይሰረቃል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ዛፍ ይሸፍነዋል። መሥሪያ ቤቱ መስመር ነው ብሎ ካወጀው መስመር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የሄደ ሰው ሳይክል ላይ ነበር እንጂ ቤቱ ተቀምጦ አልፈጠረውም።

---

ታፔላ ቆጣሪ

የወደቀ ታፔላና ከመጀመሪያውም ያልተተከለ ታፔላ አንድ አይደሉም። የወደቀ ከሆነ መስመሩ ይቆያል፤ ኖት ጽፈህ "እዚህ ምልክቱ ወድቋል" ትላለህ። ገና ወረቀት ላይ ያለ ከሆነ ስቴት የሚለው ላይ ፕሮፖዝድ በለው፣ መስመሮችን የሚያሳየው ካርታ፣ ዌይማርክድ ትሬይልስም፣ ለይቶ ያሳየዋል። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ይሄን በር ከከፈትነው ነገ እያንዳንዱ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚሄድባትን መንገድ "መስመር" ብሎ ያስገባል። አይቼዋለሁ። አንዱ ቤቱ በር ላይ ጀምሮ ቤቱ በር ላይ የሚያልቅ አርሲኤን ሠርቶ ነበር።

---

ፍሬን የለሽ

😂 እሺ፣ እሱስ ልክ ነህ። ራውንድትሪፕ የስ ብሎ ነበር?

---

ኮረኮንቹ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 6ቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት መገንጠያ አለ፣ እና አዎ፣ የሄድኩት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቅዳሜ እመለሳለሁ።

የመቆራረጡን ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። ሰባት ቦታ! ካርታው ላይ አጉልቼ ሳየው መንገዶቹ የተገናኙ ይመስላሉ። የምሠራው በአይዲ ነው፣ ብሮውዘር ላይ ያለው የካርታ ማረሚያ።

---

ሰንሰለት

አይዲ መንገድ ለመሳል ጎበዝ ነው፣ የመስመርን ቅደም ተከተል ለማየት ግን ያስቸግራል። ለዚህ ሥራ ጆስም የሚባለውን የካርታ ማረሚያ ፕሮግራም አውርድ። መልኩ ያረጀ ነው፣ መጀመሪያ ስትከፍተው የአውሮፕላን መሪ ክፍል ይመስልሃል፣ ግን ለሪሌሽን እንደሱ ያለ የለም።

ሪሌሽንህን ክፈት። የአባላቱ ዝርዝር ይመጣል፣ አንድ ረድፍ አንድ መንገድ። ከረድፎቹ በስተቀኝ ቀጭን ዓምድ አለች፣ እሷን ተመልከት። መንገዶቹ ተከታትለው ሲገናኙ ከላይ እስከ ታች አንድ ክር ይወርዳል። የማይገናኙ ከሆነ ክሩ እዚያ ረድፍ ላይ ይቋረጣል። ሰባቱ ቁስሎችህ እዚያ ተደርድረው ይታዩሃል። ረድፉን ስትነካው ካርታው ላይ መንገዱ ይደምቃል።

ከምንም በፊት ግን፣ ያልወረዱ አባላት ካሉ "ያልተሟሉ አባላትን አውርድ" የሚለውን ነካ አድርግ። ግማሹን ሳታወርድ የመደርደሪያውን ቁልፍ ከነካህ ጆስም የማያየውን መንገድ በግምት የትም ይወረውረዋል፣ ያኔ ሰባቱ ሃያ ይሆናሉ። ከወረደ በኋላ ደርድር በለው። ከሰባቱ አብዛኛው እዚሁ ይጠፋል ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም አይዲ ላይ መንገዶቹን በነካህበት ቅደም ተከተል ነው ያስገባሃቸው። ግራፍህ ወደ ኋላ የሚዘለውም ለዚያ ነው፤ ከፍታውን የሚያነበው በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ነው፣ አንተ በሄድክበት አይደለም።

የቀሩት ላይ እጅህን ታስገባለህ። በብዛት የሚያጋጥመው ጅራት ነው። መስመሩ መስቀለኛው ጋ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ አንተ ያስገባኸው መንገድ ግን መስቀለኛውን አልፎ 200 ሜትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ካርታው ላይ የተገናኘ ይመስላል፣ ጆስም ግን የመንገዱ ጫፍና የሚቀጥለው መንገድ ጫፍ አልገጠሙለትም። መስቀለኛው ኖድ (ነጥብ) ላይ መንገዱን ቁረጠው፣ ጅራቱን ከሪሌሽኑ አውጣው። ስትቆርጥ አትፍራ፣ ሁለቱም ቁራጮች ሪሌሽኑ ውስጥ ይቀራሉ። የሚያጠፋው መንገዱን ሰርዞ እንደ አዲስ መሳል ነው። ያኔ አዲሱ መንገድ መስመሩን አያውቀውም፣ ከብዙ መስመሮች የሚጠፋ ቁራጭ መነሻው ይሄ ነው።

ባለአንድ አቅጣጫ መንገድ ካለ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ መሄጃው በአንዱ፣ መመለሻው በሌላው። እዚያ ነው ሮል (መንገዱ በሪሌሽኑ ውስጥ ያለው ድርሻ) የሚያስፈልገው። ፎርዋርድ ማለት መንገዱ በተሳለበት አቅጣጫ የሚኬድ፣ ባክዋርድ ማለት በግልባጩ። ልብ በል፣ አንተ የሄድክበት አቅጣጫ አይደለም፣ መንገዱን የሳለው ሰው እጁ የሄደበት አቅጣጫ ነው። እኔ ይሄን ለመረዳት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፣ እየሳቃችሁ አንብቡት። በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ መንገድ ሮሉ ባዶ ይሁን።

አደባባይ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ አደባባዩን ቆራርጦ መሄጃና መመለሻውን በፎርዋርድ ያስገባል፣ ሌላው ክቡን እንዳለ ያስገባዋል። ጆስም ክብ መሆኑን ያውቀዋል፣ ክሩም አይቋረጥም። እኔ ሙሉውን አስገባለሁ። ሃያ ሜትር ለማይሞላ ክብ አራት ቁራጭ ማስታመም አልችልም።

---

ጎማ ለጣፊ

ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም ስለ ክሩ ብቻ ነው የምታወሩት፣ ስለ ዶቃው ማን ያስብ?

ምን ለማለት ነው፤ መንገዶቹ ራሳቸው ላይ ሰርፌስ (የመንገዱ ወለል ዓይነት) ካልተሞላ መስመሩ ውብ ሆኖ ሰው ያስለቅሳል። ቀጭን ጎማ ይዤ ካርታው ያሳየኝን ክልላዊ መስመር ተከትዬ ሄጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይክሌን ገፍቼ አውቃለሁ። ሪሌሽኑ ፍጹም ነበር፣ አንድ ቁራጭ የለውም። መንገዱ ግን አሸዋ! አቅጣጫ የሚያወጡት ፕሮግራሞች ለምሳሌ ብራውተር፣ የብስክሌት መስመር ያለበትን መንገድ ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ አንተ መስመር ስትሠራ ሰው እየላክህ መሆኑን እወቅ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስትሄድ መቼም መቀመጫህ አስፋልቱንና ኮረኮንቹን ለይቶታል (ስምህም ይናገራል)። ያንን አስገባው። ሰርፌስ አስፋልት ነው፣ ጠጠር ነው፣ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ስሙዝነስ (የመንገዱ ልስላሴ) ስምንት ደረጃ አለው፣ ከኤክሰለንት እስከ ኢምፓሰብል። ደረጃ ለመምረጥ ብዙ አትጨነቅ፤ ቀጭን ጎማ ይሄድበታል? ተራ ሳይክል ይሄድበታል? ወይስ ወፍራም ጎማ ብቻ? እያልክ ምረጥ። ወርደህ የምትገፋበት ድልድይ ካለ ባይስክል ዲስማውንት በለው። ሜዳ ላይ እያለህ ስልክህ ላይ ስትሪትኮምፕሊት የሚባለው አፕ ካለ ሰርፌሱን እሱ ራሱ ይጠይቅሃል።

---

ፍሬን የለሽ

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የእሱ መስመር ነገ ቢቀጥልና 300 ኪሎ ሜትር ቢሆን አንድ ሪሌሽን ውስጥ ይጨመቃል?

---

ሰንሰለት

ቴክኒካል ገደቡ ሰፊ ነው፣ 32,000 አባል። ግን ዊኪው ከ300 አካባቢ እንዳያልፍ ይመክራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንዱን ትልቅ ሪሌሽን ከነኩት ይጋጫሉ፣ ኋላ የላከው ሰው አርፍዶ መጠገን ይጀምራል። ስለዚህ ረጅሙን በክፍል በክፍል ትሠራና ሁሉንም በአንድ ሱፐርሩት ትሰበስባቸዋለህ። ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር 10 አገር የሚያቋርጠው ዩሮቬሎ 6 የተሠራው እንደዚያ ነው፣ ሪሌሽን በሪሌሽን ውስጥ።

በነገራችን ላይ ታፔላው ላይ ያለው ቁጥር የመስመሩ ሳይሆን የመገናኛው ቦታ ቁጥር የሆነበት አሠራርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቤልጂየም ሊምቡርግ ውስጥ የተጀመረው ነው። እዚያ ቁጥሩ ኖዱ ላይ አርሲኤን ሬፍ ተብሎ ይገባል፣ ከቁጥር ወደ ቁጥር የሚወስደው መንገድ ደግሞ የራሱ ትንሽ ሪሌሽን ይሆናል። የኮረኮንቹ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር አንድ ስለሆነ እሱን አይመለከተውም፣ እንዳትደባልቀው ብዬ ነው።

---

ኮረኮንቹ (ጠያቂ)

ተመለስኩ፣ ፀሐይ ጠብሶኛል።

ጆስም ላይ ስደረድረው ሰባቱ ወደ ሦስት ወረዱ። ሁለቱ ሰንሰለት እንዳለችው ጅራት ነበሩ፣ አንዱማ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን ጅራት። ሦስተኛው በዚያ 6 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ነው።

ታፔላ ቆጣሪ፣ እጅህን ስጠኝ ልሳመው። በግልባጩ ስሄድ ሁለተኛው መገንጠያ ላይ የብረት አጥሩ ቋሚ ጀርባ ላይ ስቲከር አገኘሁ። ፀሐይ አንጥቶታል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ቀስቱ የሚያመለክተው በወንዙ ዳር ወዳለው ጠባብ መንገድ ነው። እኔ ግን ያን ቀን በላይኛው አስፋልት ነበር የሄድኩት! 2 ኪሎ ሜትር ያህል የገዛ ፈጠራዬን ነው ካርታ ላይ ያስገባሁት። አውጥቼዋለሁ፣ የወንዙን ዳር አስገብቻለሁ፣ ሰርፌሱንም (ጎማ ለጣፊ ደስ ይበልህ፣ ጠጠር ነው፣ ቀጭን ጎማ ይዘህ እንዳትመጣ)። ለውጡን በላክሁ ጊዜ ምንጩ ላይ ሰርቬይ ብዬ ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያው መገንጠያ ላይ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ምንም የለም። ሁለቱም መንገድ ትንሽ ቆይቶ ይገናኛል። እዚያ 400 ሜትር ክፍት ትቼ ኖት አስቀምጫለሁ፣ መሥሪያ ቤቱንም በኢሜይል ጠይቄያለሁ።

ስቲከሩን ራሱን ካርታ ላይ ማስገባት ይቻላል? ለሚቀጥለው ሰው እንዳይጠፋበት ብዬ ነው።

---

ታፔላ ቆጣሪ

ይቻላል። ኖድ አድርገህ ቱሪዝም ኢንፎርሜሽን፣ ኢንፎርሜሽን ሩት ማርከር፣ ባይስክል የስ። ያየህበትን ቀን ቼክ ዴት ላይ ጻፍ። ዲስክሪፕሽን ላይ ደግሞ "ከቋሚው ጀርባ" በል።